እትዬ ቁልፍ ዋጋ ስትጽፍ

የእትዬ ቁልፍን ትክክለኛ ስም የሚያውቁት ባሏ፣ ልጇና ግብር የሚሰበስበው መሥሪያ ቤት ብቻ ነበሩ። ሌላው ሰው ሁሉ፣ ከሱቋ የሸሚዝ ቁልፍ የገዛም ያልገዛም፣ እትዬ ቁልፍ ነበር የሚላት። ሱቋ በገበያው መንገድ ግራ በኩል ከተደረደሩት ሱቆች መሀል ተሸጉጣለች። ከመጥበቧ የተነሳ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመ ሦስተኛው ደጅ ወጥቶ ይጠብቃል። ውስጧ ግን ከወለል እስከ ጣሪያ ክር ነው፣ ዚፕ ነው፣ ላስቲክና ዳንቴል ነው። በመስታወት ብልቃጦች ደግሞ የቁልፍ ዘር በሙሉ ታጭቋል፤ ባለ ሁለት ዓይን፣ ባለ አራት ዓይን፣ የካፖርት፣ የሕፃን ሹራብ።

በዚያ መንገድ ዋጋ የተጻፈበት ዕቃ አልነበረም። ዋጋ የሚቀመጠው በባለሱቁ አፍ ውስጥ ነው። ገዢ ገብቶ «ይሄ ስንት ነው?» ሲል ባለሱቁ መጀመሪያ የሚያየው ዕቃውን ሳይሆን ሰውየውን ነው፤ ጫማውን፣ የእጅ ሰዓቱን፣ መቸኮል አለመቸኮሉን። ከዚያ አንድ ቁጥር ይወረውርለታል። ገዢው ይስቃል ወይ ይኮሳተራል፣ ዕቃውን ጣል አድርጎ ወደ በሩ ይራመዳል፣ «ና እንጂ፣ የት ትሄዳለህ!» ይባላል፣ ይመለሳል። ለአንዱ በዚህ ዋጋ የተሸጠው ዚፕ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ለሌላው በእጥፍ ይሸጣል፤ ሁለቱም ግን አሸነፍኩ ብለው ይሄዳሉ።

በዚህ ጨዋታ እትዬ ቁልፍን የሚያህላት አልነበረም። አፏ ማር ነው የሚሏትም ምላሷ ምላጭ ነው የሚሏትም ነበሩ፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። ለልጇ ሠርግ ዳንቴል ልትገዛ የመጣችን ሴት ስለ አማቶች እያወራች በሳቅ ታፈርሳትና የመጨረሻውን ውድ ዋጋ ታስከፍላታለች። ሴትየዋ ታዲያ እንባዋን እየጠረገች፣ አመስግና ነው የምትወጣው። ጎረቤቷ ባለ ጨርቁ፣ የጣቃ ጨርቅ ሻጩ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ እሷ ስትከራከር ያዳምጥ ነበር። ከራዲዮ ይሻለኛል ይል ነበር።

ከዚያ ጆሮዋ ታመመ። ትኩሳት ጥሏት ሰነበተችና ስትነሳ ግራ ጆሮዋ ውስጥ የፈላ ማንቆርቆሪያ የተጣደ ይመስል ይጮኽባት ጀመር። ይሄዳል ብላ ተወችው። ጩኸቱስ በርግጥ ሄደ፤ ሲሄድ ግን መስሚያዋንም አብሮ ይዞት ሄደ። ቆይቶ ቀኙም ይደክም ጀመር።

እሷ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። መጀመሪያ «ምን አልሽኝ?» ማለት አበዛች። ያም ሲያሳፍራት መገመት ጀመረች። ዋጋ በሚከራከሩበት ሱቅ ደግሞ ግምት ጠብ ያመጣል፤ ሰው ያላለውን አለ ብላ ትቆጣለች፣ ያልተስማማበትን ተስማማ ብላ ትጠቀልላለች። አንድ ቀን አንዲት የድሮ ደንበኛዋ ጥቁር ክር ስትጠይቃት አንድ ነገር ጨምራ ነገረቻት። እትዬ ቁልፍ አልሰማችም፤ እንደ ልማዷ ቀልድ ጣል አድርጋ ሳቀች። ሴትየዋ የነገረቻት የእናቷን ሞት ነበር። ክሩን ባንኮኒው ላይ ትታ ወጣች። እትዬ ቁልፍ ነገሩን የሰማችው በኋላ፣ ከባለ ጨርቁ ሚስት ነው፤ እሷም ጆሮዋ ሥር ተጠግታ ጮኻ ነው የነገረቻት።

ልቧን የቆረጠው ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለት ጎረምሶች ገብተው አንደኛው የካፖርት ቁልፍ እያሳያት ይከራከራት ጀመር። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ እጁ ይወራጫል፤ እሷም ከንፈሩን እያየች በግምት ትመልስለታለች። ትንሽ ቆይታ የጓደኛውን ትከሻ አየችው፤ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ገባት። ልጁ ድምፅ እያወጣ አልነበረም። ዝም ብሎ አፉን እየከፈተና እየዘጋ ነበር የሚጫወትባት። ቁልፉን ከእጁ ወስዳ ብልቃጡ ውስጥ መለሰችና በሩን አሳየቻቸው። ከወጡ በኋላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ እጇ አላርፍ ብሎ የተጠቀለለ ላስቲክ ስትፈታና ስትጠቀልል ቆየች።

ልጇ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ሐኪሙ የሄደው መስማት እንደማይመለስ ነግሮ ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠል ማዳመጫ አዘዘላት። ማዳመጫው ቤት ውስጥ ደህና ይሠራል። ገበያው መንገድ ላይ ግን የመኪናውን ጥሩምባ፣ የባለ ጨርቁን ራዲዮና የአላፊ አግዳሚውን ወሬ አንድ ላይ ጨፍልቆ ጆሮዋ ውስጥ ይደፋባታል። ስለዚህ ሱቅ ስትገባ አውልቃ ኪሷ ትከተዋለች።

ልጇ ፀጉር ሠሪ ናት፤ እንደ እናቷ ወሬ የምትችል፣ እንደ እናቷም ግትር። ባለ ጨርቁ ሱቋን ሊከራይ እንደሚፈልግ፣ ግድግዳውን አፍርሶ ከራሱ ጋር እንደሚያገናኘው፣ ኪራዩም ያለ ሐሳብ እንደሚያኖራት ዘረዘረችላት። እናትየው የልጇን ከንፈር እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አነበበች።

«እማዬ፣ ሰው መጫወቻ ሲያደርግሽ ማየት አልችልም» አለች ልጅቱ በመጨረሻ።

«የሞተው ጆሮዬ ነው» አለች እትዬ ቁልፍ። «እኔ አለሁ። ከሱቄም አልወጣም።»

ሐሳቡ የመጣላት የክር ካርቶን ስታፈርስ ነው። ካርቶኑ ጎን ላይ ፋብሪካው የክሩን ቁጥርና ቀለም በትልልቁ ጽፎበታል፤ ማንም ሰው የክሩን ቁጥር ተከራክሯት አያውቅም። የተጻፈ ነገር ነዋ። ዋጋውም ቢጻፍስ? ሰው ከጠየቃት መስማት ግድ ይሆንባታል፤ ካልጠየቃት ግን ምን ትሰማለች?

ሱቁ በማይከፈትበት የዕረፍት ቀን በሩን ከውስጥ ቆለፈች፣ ካርቶኑን በትናንሹ ቆራረጠች፣ ወፍራም እስክሪብቶ ገዝታ ተቀመጠች። ቀላል መስሏት ነበር። የመጀመሪያውን ዚፕ አነሳች፤ ጥቁር፣ መካከለኛ፣ የቀሚስ ዚፕ። ስንት ነው? እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ። ለማን? ለልብስ ሰፊዎቹ ሌላ ነው። መኪና አቁማ ለምትወርደው ሴትዮ ሌላ ነው። ለሚያፍረው ሰው፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ የተባለውን ለሚከፍለው፣ እሱማ ከሁሉ የበዛው ነው። ያን ሁሉ ዘመን ዚፕ ስትሸጥ ኖራ የዚፕ ዋጋ እንደማታውቅ ገባት። የምታውቀው የሰውን ዋጋ ነበር። ፊቷ ሲግል ተሰማት፤ ማንም ባያያትም።

እናም አንድ ዘዴ አበጀች። ዚፑን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ሱቁ በደንበኞቿ ሁሉ እንደተሞላ፣ ባለ መኪናዋም ልብስ ሰፊውም ዓይን አፋሩም አንድ ላይ እንደቆሙ አሰበች። በሁሉም ፊት ሳታፍር ልትናገረው የምትችለው ቁጥር የትኛው ነው? ያን ጻፈችው። ከዚያ ወደ ነጩ ዚፕ ዞረች። ሲመሽ ወገቧ ተቆርጦ፣ ጣቶቿ ጠቁረው፣ ገና የግድግዳውን ግማሽ ነበር የጨረሰችው። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከመንገድ ሲመለስ ወሬውን ከልጃቸው ሰምቶ ቀጫጭን ጣውላ ቆርጦ ካርቶኖቹ የሚቆሙበትን ጠርዝ በየመደርደሪያው መታላት። ሲጨርስ ከንፈሩ እንዲታያት ዞሮ ከእንግዲህ ከእኔ ጋር ስትከራከሪም ዋጋ አይቀንስም ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። አንተማ ድሮም ዋጋህ የተጻፈብህ ነህ አለችው።

ሱቁ ሲከፈት ሰው ግራ ገባው። በሩ ላይ በትልቁ «ዋጋው ተጽፏል። ጆሮዬ አይሰማም። ካነጋገራችሁኝ ፊት ለፊት» የሚል ለጥፋለች። ገብተው ያነባሉ፣ እንደገና ያነባሉ፣ ከዚያ የተጻፈውን ጠቁመው «መጨረሻውስ?» ይሏታል። እሷም በጣቷ ካርቶኑን መታ ታደርጋለች። በጣታቸው ቁጥር ያሳዩዋታል፤ እሷ ካርቶኑን መታ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይለማመጣሉ፤ እሷ ካርቶኑን መታ። አንዳንዱ ይስቅና ይከፍላል። ብዙው ግን ያኮርፋል። አንዲት አሮጊት አክርራ ጠላቻት፤ ከአንቺ ጋር ካልተከራከርኩ ምን ልሠራ እዚህ ድረስ በእግሬ እመጣለሁ አለቻት። እትዬ ቁልፍ ይህን ከከንፈሯ ስታነብ ካርቶኑን መታ አላደረገችም። ለእሷም ቢሆን የናፈቃት እሱ ነበርና።

ክፉኛ የጎዷት ልብስ ሰፊዎቹ ናቸው። ዋነኛ ገዢዎቿ እነሱ ነበሩ፤ አለቃቸው ደግሞ መቀስ የሚሉት ረጅም ሰው ነው። መቀስ ዚፕና ቁልፍ ከእሷ ገዝቶ፣ ዋጋው ላይ የራሱን ጨምሮ ለባለ ልብሱ ያስከፍል ነበር። አሁን ባለ ልብሱ በሱቋ ደጅ ሲያልፍ ዋጋውን ያነበዋል። መቀስ መጥቶ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ ፊቱን ወደ እሷ አስጠግቶ፣ እያንዳንዱን ቃል እየቆረጠ ተናገረ።

«እትዬ፣ አደባባይ ላይ ራቁቴን አስቀረሽኝ።»

ለልፋቱ የሚገባውን በግልጽ እንዲያስከፍል፣ ስፌቱ ውድ ቢሆንም ማንም እንደማይጠላው መለሰችለት። እሱ ግን ቀድሞ ዞሮ ስለነበር መልሷን የሰማው ጀርባው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብስ ሰፊዎቹ ሁሉ በሱቋ ደጅ እያለፉ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዱ ጀመር።

የመንገዱ ባለሱቆች ደግሞ በባለ ጨርቁ ቤት ተሰብስበው አስጠሯት። ገዢዎች አሁን እነሱ ሱቅ ገብተው «የእናንተስ የት ተጽፏል?» እያሉ አስቸግረዋቸዋል። በጣቃዎቹ መሀል ተኮልኩለው ይጠብቋት ነበር፤ ስትገባ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገሩ ጀመር። እሷ የምታየው የሚንቀሳቀስ ጢምና የሚወራጭ እጅ ብቻ ነው። እጇን አነሳች።

«አንድ በአንድ» አለች። «ፊት ለፊቴ ቁሙ፣ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ። እኔ የምሰማው በዓይኔ ነው።»

ተያዩ። መጀመሪያ ባለ ጫማው ተገፋፍቶ ወጣ፤ በቁጣ የነደደ ሰው። ፊት ለፊቷ ቆመ። እሷ ዓይኗን ከከንፈሩ ላይ አላነሳችም። ዋጋ ከጻፍሽ ብሎ ጀመረ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል እየለየ፣ ሰው ሁሉ አንድ ዋጋ ከከፈለ እኛ... አለና ቆመ። ከኋላ ሆኖ ሲጮኸው ቀላል የነበረው ነገር፣ ሰው ዓይን ዓይኑን እያየው በዝግታ ሲነገር አፉ ላይ ከበደው። ወደ ቦታው ተመለሰ። ባለ ድስቱ ተራው ሲደርስ እኔ ለመስማት ነው የመጣሁት አለ።

ባለ ጨርቁ ግን አልተደናገጠም። ሞኝ ሰው አይደለም። መጥቶ ፊት ለፊቷ ቆመ፤ ረጋ ብሎም ተናገረ።

«ትናንት አንዲት ሴት ለልጇ የትምህርት ቤት ልብስ ጨርቅ ልትገዛ መጣች። የያዘችውን አየሁ፤ አይበቃም። ዋጋውን ጣልኩላት። አንድም ሰው አላወቀ፣ እሷም አላፈረች። ግድግዳ ላይ ከጻፍኩት እንዴት አድርጌ ነው የምጥልላት? ካርቶንሽ ያዝናል?»

እትዬ ቁልፍ ደግ ሰው እንደሆነ ታውቃለች፤ ሴትየዋም እውነተኛ ናት። የካርቶኑን ነገር ግን እንደማትተው፣ ካልጻፈች መሸጥ እንደማትችል፣ መሸጥ ካልቻለች ደግሞ ሱቁን ለእሱ ከማስረከብ ሌላ እንደሌላት ነገረቻቸውና ወጣች። ሊያስቆማት የደፈረ አልነበረም። ቤቷ ገብታም ግን የጨርቅ ገዢዋ ሴት ከፊቷ አልጠፋ አለቻት።

ቀናት አለፉ፤ ገበያው ቀዘቀዘ። ሰው ሳይገባ የሚውልበት ጠዋት በዛ። ልጇ ምሳ ይዛላት ስትመጣ መደርደሪያዎቹን ዘወር ብላ ታይና ምንም ሳትናገር ትቀመጣለች፤ ዝምታዋን እናትየው ያለ ጆሮም ትሰማዋለች።

በአንዱ እንዲህ ባለ ጠዋት የአናጢው ሚስት ገባች። ለዓመታት በዚያ ሰፈር ስትኖር ከሱቁ ደጅ አልፋ ገብታ አታውቅም። ንግግር ይይዛታል፤ አንድ ቃል ለማውጣት አንገቷ እስኪገታተር ትታገላለች። «ስንት ነው» ለማለት የሚፈጅባትን ጊዜ ባለሱቆች አይጠብቋትም፣ ከኋላ ያለው ሰውም ይስቃል። ዛሬ ገብታ መደርደሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየች፣ ክሮቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አውጥታ መረጠች፣ ገንዘቡን ቆጥራ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ልትሄድ ዞረችና ቆመች። አንድ ነገር ለመናገር ፈለገች። ቃሉ ያዛት። እትዬ ቁልፍ ከንፈሯን እያየች ጠበቀች። ከንፈር ለሚያነብ ሰው የዘገየ ቃል ችግር የለውም፤ እንዲያውም ይቀላል።

«ልጆቼን... ነበር የምልከው» አለች ሴትየዋ በመጨረሻ። «አንድ ቀን እንኳ ትክክለኛውን ቀለም ይዘውልኝ መጥተው አያውቁም።»

ሁለቱም ሳቁ። እትዬ ቁልፍ ከሱቋ እንዲህ ያለ ሳቅ ከወጣ ሰንብቷል። አንድ ፓኮ መርፌ አነሳችና ክሩ መሀል ሸጎጠችላት። ሴትየዋ ልትከፍል ስትል ምርቃት ነው አለቻት።

ያን ዕለት ከሰዓት ባለ ጨርቁን በሩ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። መልሱ መጥቶላት ነበር። ዋጋው ለሁሉም አንድ ይሆናል፤ ምርቃቱ ግን የራሷ ነው፤ የያዘው ላልበቃው ሰው በአንዱ ላይ ሌላ ትጨምራለች፣ ማንም አያያትም። ከዚያ ሌላም ነገር ነገረችው። እስከ ዛሬ ዋጋ ስትጥል የኖረችው ለተናጋሪው ነበር፤ ለሚያስቃት፣ ለሚለማመጣት፣ መከራውን አሳምሮ መንገር ለሚችል። አፉን መክፈት የማይችለው ሰው ግን በሯ ላይ እንኳ ደርሶ አያውቅም። ባለ ጨርቁ ጢሙን እያሻሸ አዳመጣት። አልተስማማም። ግን ወንበሩን ጠጋ አድርጎ እንድትቀመጥ ቦታ ለቀቀላት።

የአናጢው ሚስት ሌሎችን አመጣች። ቤታቸው ተቀምጠው የሚሰፉ ሴቶች ናቸው፤ ከባለሱቅ ጋር መጨቃጨቅ የሰለቻቸው፣ ወይ ጊዜ የሌላቸው። ትንሽ ትንሽ ይገዛሉ፤ ግን ይመላለሳሉ። ሱቁ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ወጪውን ይሸፍናል፣ ጥቂት ይተርፈዋል።

ከዚያ የክርና የዚፕ ዋጋ ጅምላ ሻጩ ዘንድ ጨመረ። ለመንገዱ ባለሱቆች ይህ ቀላል ነው፤ ዋጋው ያለው አፋቸው ላይ ነውና ያድርና ሌላ ይሆናል። እትዬ ቁልፍ ግን በገዛ እጇ የጻፈችው ግድግዳው ላይ ተሰድሮ ያያታል። ባለ ጫማው እንዴት እንደምትወጣው ለማየት ሥራ ፈትቶ ይመላለስ ጀመር። ልጇ ገበያው እስኪረጋጋ ካርቶኖቹን ለጥቂት ቀን ብታነሳቸው ምን ይላታል ብላ መከረቻት።

«ሲረክስ አሳይቼ ሲወደድ ልደብቅ?» አለች እትዬ ቁልፍ። «አይሆንም።»

በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቁ ክፍት ሆኖ፣ ሰው እያያት፣ በርጩማ ላይ ወጥታ ካርቶኖቹን ማረም ጀመረች። የድሮውን ቁጥር አልሰረዘችውም፤ እንዲነበብ አድርጋ አንድ መስመር ብቻ አሰመረችበትና አዲሱን ከጎኑ ጻፈች። ስንት እንደጨመረ ለሁሉ ይታያል። ደጅ ላይ የተሰበሰበው ሰው ማጉረምረሙ አልቀረም። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ትጽፋለች። በርጩማውን የያዘችላት ልጇ የሚሉትን በምልክት ልትነግራት ስትሞክር ጆሮ ዳባ ልበስ ብያለሁ፣ ተያቸው አለቻት፤ ልጅቱ በሳቅ በርጩማውን ልትለቀው ምንም አልቀራት።

በዚያው ሳምንት መቀስ መጣ። ሌላው ሰፈር የሄዱበት ሱቅ ጭማሪው በተሰማ ማግስት ዋጋውን እጥፍ አድርጎባቸው፣ ለምን ሲሉትም ዶላር፣ መንገድ፣ ጉምሩክ እያለ ሲያሽከረክራቸው ነበር። መቀስ ሱቁ መሀል ቆሞ የተሰመረበትንም አዲሱንም ቁጥር አነበበ። ከዚያ ጥቁር ዚፕ አንድ እቅፍ አውርዶ ባንኮኒው ላይ ቆለለ። ልማድ ሆኖበት፣ መጨረሻውስ ለማለት አፉን ከፈተ። እትዬ ቁልፍ ካርቶኑን መታ አደረገች። መቀስ አፉን ዘግቶ ከፈለ፤ እሷም ሁለት ጥቅል ክር መረቀችለት። ልብሱን ለባለቤቱ ሲያስረክብ አሁን የስፌቱን ለብቻው እየነገረ እንደሚያስከፍል እግረ መንገዱን ነገራት፤ የሞተ ሰው የለም አላት።

ባለ ጨርቁም አንድ ቀን ከሰዓት ብቅ አለ። ወፍራሙን እስክሪብቶ ታውሰው እንደሆነ ጠየቃት። ለሁሉም ጨርቅ እንዳልሆነ፣ ለርካሹ አቡጀዲ፣ ሰው እየመላለሰ ለሚጠይቀው ለእሱ ብቻ እንደሆነ አስረግጦ ነገራት። እትዬ ቁልፍ እስክሪብቶውን ሰጠችው፤ ቁጥሩን ከመንገድ ማዶ የሚነበብ አድርጎ እንዲጽፈውም መከረችው። ቶሎ እንዲመልስላት አደራ አለችው፤ የላስቲኩ መደርደሪያ ገና አልታረመም ነበር።